ጥቁርና ነጭ የሚዋደዱበት ልብወለድ ጠቁሙኝ

ጠያቂ (ጎንደር፣ ማራኪ)፦ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ፈረንጅ አግብታ ወልዳለች። ልጇን ፒያሳ ላይ «ፈረንጅ!» ይሉታል፤ እዚያ ደግሞ ጥቁር ነው። ይህን ያለ ስብከት የሚያወራ ልብወለድ አለ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የዲናው መንግሥቱን «ዘ ቢዩቲፉል ቲንግስ ዛት ሄቨን ቤርስ» (እ.ኤ.አ. 2007) ሞክር። ዋሽንግተን ሱቅ ያለው ሀበሻ፣ ነጭ ጎረቤቱ፣ ክልስ ልጇ። እኔን የያዘኝ ፍቅሩ አይደለም፤ ከልጅቷ ጋር ሱቁ ውስጥ መጽሐፍ ማንበባቸው ነው።

መልስ፦ የኔላ ላርሰን «ፓሲንግ»፣ እ.ኤ.አ. 1929። ቆዳዋ የቀላ ጥቁር ሴት ነጭ መስላ ዘረኛ አግብታለች። የልጅነት ጓደኛዋ ምስጢሩን ታውቃለች። አጭር ናት፤ ግን ታስጨንቃለች።

ጠያቂ፦ የዲናውን ጀመርኩ። ሦስቱ ጓደኛሞች የአፍሪካን መፈንቅለ መንግሥት ሲጠያየቁ በሳቅ ፈረስኩ! «ፓሲንግ» ጎንደር ያለው ሰው ካለ ያውሰኝ፣ ቡና በኔ።