እጀታው እየያዘ ያስቸገረኝ የብስክሌት ጎማ መንፊያ

ጥያቄ (ከለገጣፎ)

ጤና ይስጥልኝ። እሑድ እሑድ ማለዳ ከለገጣፎ ተነሥተን በሰንዳፋ መንገድ ብስክሌት የምንነዳ አምስት ሰዎች ነን። ጎማዎቻችንን የምንነፋው በአንድ የጋራ መንፊያ ነው፤ መቀመጫውን በእግር ረግጠው እጀታውን በሁለት እጅ የሚገፉት፣ ከሥሩ የግፊት መለኪያ ያለው ዓይነት ነው። የሚቀመጠው እኔ ቤት ሲሆን፣ ቤቴ አስፋልት ካልደረሰው መንገድ ዳር ስለሆነ ክረምቱ ካለፈ በኋላ አቧራ የማይገባበት ዕቃ የለም።

ከሁለት ወር በፊት እጀታው ሲጢጥ ማለት ሲጀምር፣ ወጥ ቤት የነበረውን የኑግ ዘይት ጥቂት ጠብታ በዘንጉ በኩል ጨመርኩበት። ለአንድ ሳምንት እንደ አዲስ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከቀድሞው ብሶበታል። ወደ ላይ ስስበው መሃል ላይ ይይዝና ስለቀው ተመልሶ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ስገፋው ምንም ሳይከብደኝ ይወርዳል፣ ጎማው ግን አይሞላም። በተጨማሪም በባሕር ጠረፍ ከተማ የሚኖረው ወንድሜ በዚሁ ዓይነት መንፊያ 30 ጊዜ ገፍቶ የሚሞላውን ጎማ፣ እኔ መንፊያው ደህና በነበረበት ጊዜ እንኳ 40 ጊዜ ያህል መግፋት ነበረብኝ። አንድ ጎሚስታ በግሪስ ሙላው ብሎኛል፤ ሌላው ደግሞ በቤንዚን እጠበው ብሎኛል። ከሁለቱ አንዱን ከማድረጌ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ (ከአቃቂ)

ወንድሜ፣ ሁለቱንም አያድርጉ። የዕቃው ችግር ቅባት ማጣት ሳይሆን የቀቡት ቅባት ይመስለኛል። ኑግ አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየወፈረ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከምድጃ ጎን ላይ ፈስሶ የቆየ የወጥ ዘይት በጥፍር ካልተፋቀ የማይለቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ይህ ሙጫ መሰል ነገር አቧራውን ይዞ በሲሊንደሩ (ዘንጉ በሚመላለስበት የመንፊያው አካል) ግድግዳ ላይ ተለጥፏል ማለት ነው።

መንፊያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ጥፋቱን ለመለየት ይረዳዎታል። በዘንጉ ጫፍ ላይ አፉን ወደ ታች የደፋ ትንሽ ሲኒ የመሰለ ጎሚኒ አለ። እጀታው ወደ ላይ ሲሳብ የጎሚኒው ከንፈር ወደ ውስጥ እጥፍ ይልና ከላይ የገባው አየር በጎኑ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲገፋ ደግሞ የታመቀው አየር ከንፈሩን ገልጦ ከግድግዳው ጋር ስለሚያጣብቀው አየሩ ወደ ቱቦው ከመሄድ በቀር መውጫ የለውም። ከንፈሩ በሙጫ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ፣ ሲስቡት አየር ስለማያሳልፍ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይፈጠርና እጀታውን መልሶ ይጎትተዋል። በአንጻሩ ከንፈሩ እንደ ታጠፈ ከቀረ፣ ሲገፉት አየሩ በጎኑ ስለሚያመልጥ ምንም አይከብድዎትም። የእርስዎ መንፊያ ሁለቱንም በየተራ እያደረገ ነው።

ለመፍታት አብዛኛውን ጊዜ መፍቻ አያስፈልግም፤ የሲሊንደሩን የላይኛውን ክዳን በእጅ ወደ ግራ አዙረው ዘንጉን ቀጥ አድርገው ይሳቡት። ጨርቅ በእንጨት ጫፍ ላይ ጠምጥመው፣ ለብ ባለ ውሃና በሰሃን ማጠቢያ ሳሙና ግድግዳውን ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይሹት። ዘንጉንም በዚያው ይጠቡት፤ አቧራው የሚገባው ዘንጉን ተከትሎ ነውና። ውሃው ወደ ታችኛው ቫልቭ (ወደ ቱቦው የሄደው አየር እንዳይመለስ ወደሚያግደው ክፍል) እና ወደ መለኪያው እንዳይወርድ ጨርቁን ጨምቀው ይጠቀሙ፤ መንፊያውንም አይዘቅዝቁት፣ አይንከሩትም። ከዚያ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ድረስ ጥላ ሥር ይተዉት። ቤንዚን ቅባቱን ቶሎ እንደሚያለቅቅ አልክድም፣ ነገር ግን ብዙ ዓይነት ጎሚኒዎችን ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ከሙጫው የባሰ ይይዛል።

ከመቀባትዎ በፊት ጎሚኒው በእርግጥ ከጎማ የተሠራ መሆኑን ይመልከቱ። በአሮጌ መንፊያዎች ላይ ይህ ክፍል ከቆዳ የተሠራ ነው፤ ቆዳ ከሆነ በሳሙናና በሙቅ ውሃ አይነካም፣ ይኮማተራልና። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በስፌት መኪና ዘይት ነክረው ያሳድሩት፣ ጠዋት ከንፈሩን በጣትዎ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ይግለጡት። ጎማ ከሆነ የሚስማማው የሲሊኮን ግሪስ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ለመኪና ፍሬን ጎሚኒዎች የሚሆን ግሪስ ብለው ቢጠይቁ፣ ሻጩ የሚሰጥዎት ለጎማ የተሠራውን ስለሆነ አይሳሳቱም። ለኩሺኔታ የሚሸጠው ተራ ግሪስና ቫዝሊን ግን ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ናቸው፤ ናይትራይል የሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ይችላቸዋል፣ የተፈጥሮ ጎማ ግን በእነርሱ ያብጣል። በዓይን አይቶ መለየት ስለማይቻል ባይሞክሩት ይሻላል።

መልስ (ከሰበታ)

የአቃቂው ወንድማችን በተናገረው ሁሉ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ግሪሱ መጠን ነው። እኔ ያለኝ መንፊያ የብስክሌት ሳይሆን የካይት ነው፤ ካይት ማለት በነፋስ እየተጎተቱ በሰሌዳ ላይ ቆመው ውሃ ላይ የሚንሸራተቱበት፣ ጠርዙ በአየር የሚነፋ ትልቅ ሸራ ነው። ከዘመድ አግኝቼ ወደ ላንጋኖ ይዤው እወርዳለሁ፣ አሸዋ ላይ ስለሚነፋም በየጉዞው ማግስት ፈትቼ ማጽዳት ልማዴ ሆኗል።

መጀመሪያ ያጠፋሁት ጥፋት ግሪስ ማብዛት ነበር። የተረፈው በፒስተኑ (ጎሚኒውን በያዘው የዘንጉ ጫፍ) እየተገፋ ወደ ታችኛው ቫልቭና ወደ ቱቦው ወረደ፣ ግድግዳው ላይ የቀረው ደግሞ አሸዋ እየሰበሰበ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲሊንደሩን ፋቀው። የአተር ፍሬ የምታክል ግሪስ በጣት ወስዶ የጎሚኒውን ከንፈር ዙሪያውን መቀባት፣ የቀረውን በግድግዳው ላይ እስከማይታይ ድረስ ማሸት በቂ ነው። በዘንጉ ላይ ምንም አልቀባም። በጣሳ የሚረጨውን የዝገት ማስለቀቂያም አልመክርም፤ ነባሩን ግሪስ አጥቦ ይወስድና ራሱ ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠፋል።

በነገራችን ላይ፣ የእኔን መንፊያ ለብስክሌትዎ ልዋስዎ ቢሉ አይሆንም ነበር። ካይት የሚፈልገው ግፊት ከ6 እስከ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ብቻ ስለሆነ ሲሊንደሩ ሰፊ ነው፤ የቀጭን ጎማ ብስክሌት ግን 90 እና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል። የሲሊንደሩ ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት) በእጥፍ ሲጨምር ለዚያው ግፊት የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ሙሉ ሰውነትዎን ቢጫኑበትም አይወርድልዎትም። ጽዳቱና ቅባቱ ግን አንድ ነው።

መልስ (ከሱሉልታ)

ስለ 40ው ጊዜ ማንም ስላልመለሰልዎት፦ ያ የመንፊያው ጥፋት አይደለም። ለገጣፎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። መለኪያው የሚያሳየው ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ መንፊያው ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ሲገፉት የሚያስገባው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ፣ ወንድምዎ 30 ጊዜ የሚገፋውን እርስዎ 40 ጊዜ መግፋትዎ ልክ ነው። እኔ ዘንድ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ጥቂት ይበልጣል።

ምላሽ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ፈታሁት፤ ጎሚኒው ከንፈሩ ግማሹ ታጥፎ፣ ግማሹ ደግሞ ቡናማ በሆነ ሙጫ ተሸፍኖ አገኘሁት። ሦስት ጊዜ በሳሙና ካሸሁት በኋላ ለቀቀ። በፍሬን ግሪስ ቀብቼ ስገጥመው እጀታው በሁለት ጣት ይሳባል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከጎማው ጋር እንደ ተያያዘ ገፍቼ ስለቀው እጀታው በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

መልስ (ከአቃቂ)

እሱ የታችኛው ቫልቭ ነው። ወደ ቱቦው የሄደው አየር እንዳይመለስ የሚያግደው እሱ ስለሆነ፣ በቫልቩ ቀዳዳና ቀዳዳውን በሚዘጋው ክፍል መካከል አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የኑጉ ቅሪት ከቀረች አየሩ ተመልሶ ፒስተኑን ይገፋዋል። ቱቦው ከመንፊያው ጋር የሚገናኝበትን ብሎን ይፍቱት፤ ብዙውን ጊዜ ከውስጡ ትንሽ ኳስና ሞላ ይወጣልና በሰሃን ላይ አድርገው ይፍቱ፣ እኔ አንዱን ኳስ ሣር ውስጥ ጥዬ ግማሽ ቀን ፈልጌያለሁ። በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ጠርገው ይመልሱት፤ እዚያ ላይ ግሪስ አይቀቡ።