የእማዬ ጉልበትና ወንድሜ የላከው እንክብል

የአራዳዋ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። እማዬ 71 ዓመቷ ነው። ጉልበቷ እምቢ ካላት ሦስት ክረምት አለፈ። ድሮ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ለመሳለም ከፒያሳ በእግሯ ነበር የምትሄደው። አሁን ባጃጅ ካልተገኘ ቤት ትውላለች። ወንድሜ ከአሜሪካ ኩዌርሴቲን የሚባል እንክብል ላከላት። «ያረጁ ሴሎችን ይጠርጋል» ይላል። ሽንኩርት ውስጥም አለ ብላት፣ «ታዲያ ሃምሳ ዓመት ስከትፈው ኖሬ የት ገባ?» ብላ ሳቀችብኝ። ልስጣት? የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች።

ፋርማሲስቱ፦
እህቴ፣ ወንድምሽ ከሜዳ አላመጣውም። አንዳንድ ሴል መከፋፈሉን ካቆመ በኋላ አይሞትም። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ባልከፋ፤ ግን ጎረቤቶቹን የሚያስቆጣ ነገር ይረጫል። ሥራ ፈቶ ሰፈር እንደሚያምስ ሰው ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2011 የአሜሪካው ሆስፒታል የሜዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች እነዚህን ሴሎች ከአይጦች ሲያስወግዱ አንዳንድ የእርጅና ጣጣዎች ዘገዩ። በ2015 ደግሞ ዳሳቲኒብና ኩዌርሴቲን አይጦች ላይ አንድ ላይ ተሞከሩ። አንድ ላይ ነው ያልኩሽ! ዳሳቲኒብ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው። የደም ሴል ቁጥር ያወርዳል፣ ሳንባ ዙሪያ ውሃ ያስቋጥራል። ስለዚህ የመጣልሽ ግማሹ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ፍለጋ እንዳትወጪ። ኩዌርሴቲኑንም ቢሆን ግፊቷን ለሚከታተለው ሐኪም ሳታሳዪ አትስጫት።

የአራዳዋ፦
ወንድሜ ግን «ሰው ላይም ሠርቷል» አለ። ሳንባቸው የጠጠረ ሰዎች ጥሩ መራመድ ጀመሩ ይላል።

ፋርማሲስቱ፦
የ2019ኙን የሁለቱን መድኃኒቶች ሙከራ ነው የሚልሽ። 14 ሰው ብቻ ነበር፣ ከእነሱ ጋር የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረም። ተስፋ ነው፣ ማስረጃ ለማለት ግን ገና ነው።

ባለጉልበቱ፦
እኔም የጉልበት በሽተኛ ስለሆንኩ ይህን ነገር ስከታተለው ነበር። ዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ የተባለ ኩባንያ እነዚህን ሴሎች የሚገድል መድኃኒት ጉልበት ውስጥ በመርፌ ሞከረ። በ2020 ውጤቱ ሲወጣ ሕመሙን መድኃኒት ከሌለው መርፌ የተሻለ አላስታገሠም። ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ። እኔን የረዳኝ ፊዚዮቴራፒ ነው። ከወንበር መነሳት፣ መቀመጥ፣ እንደገና መነሳት። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ይቀለዋል። ያሰለቻል፣ አልዋሽሽም።

የአራዳዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወንድሜ ነገርኩት፣ ትንሽ አኮረፈ። እማዬ የቡና ወንበሯ ላይ አሥር ጊዜ ተነስታ ተቀመጠች፤ በአሥራ አንደኛው ተሳደበች። ብልቃጡን ደግሞ ለኮረሪማ ፈልጋዋለች።