«ሐኪም» የማን ቃል ነው?

የአራዳው፦ ሰሞኑን እዚህ ግሩፕ ውስጥ «ሐኪም አረብኛ ስለሆነ ከመማሪያ መጽሐፍም ከየክሊኒኩ ታፔላም ይውጣና በግዕዝ ይተካ» የተባለው ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። መጀመሪያ ነገር ቃሉ የአረብ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሐ-ከ-መ እኮ የሴም ቋንቋዎች የጋራ ሥር ነው፣ ዕብራይስጥ ብልሁን ሰው «ሐካም» ይለዋል፣ በጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ በአካድኛም «ሐካሙ» መረዳት፣ ማወቅ ነው። የጋራ ርስት ላይ አረብ ብቻውን ካርታ አወጣበት እንዴ?

ዲያቆኑ፦ ሥሩ የጋራ ነው እሺ፣ ጥያቄው ግን ቃሉ በየት በር ገባ ነው። ግዕዝ ብልህን ጠቢብ ነው የሚለው፣ በዕብራይስጡ ሐካም የተባለው ሰሎሞን እኛ ጋ ጠቢቡ ሰሎሞን ነው፣ ሐኪሙ ሰሎሞን ያለ ሰምተህ ታውቃለህ? የሚያክመውን ሰው ደግሞ ዐቃቤ ሥራይ፣ የመድኃኒት ጠባቂ እንደማለት፣ ይለዋል፣ ለማዳኑም ፈወሰ አለልህ። ስለዚህ ብልህ የሚለው ቃል መድኃኒት አዋቂ ወደሚል የዞረው አረብኛ ውስጥ ነው፣ እኛ የደረሰን ከዞረ በኋላ ነው።

ቤቢ፦ ግን እኮ በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው፣ ብድር ቢሆን በሃሌታው ሀ ይጻፍ ነበር

ዲያቆኑ፦ እህቴ አረብኛውም ያው የጉሮሮ ሐ ነው ያለው፣ የሚያውቅ ጸሐፊ ቢዋስም በሐመሩ ነው የሚጽፈው። አማርኛ ላይ ደግሞ የሦስቱም (የሀ፣ የሐ፣ የኀ) ድምፅ አንድ ሆኗል፣ ግማሹ ታፔላ «ሀኪም» አይደል እንዴ የሚለው፣ ፊደሉ ምንም አይመሰክርልሽም።

የመርካቶ ልጅ፦ ዲያቆን እዚህ ላይ ልክ ነህ። ቁርኣን ላይ 31ኛው ሱራ በሉቅማን ስም ነው፣ ሂክማ ተሰጠው ይላል፣ እሱን ነው ሉቅማን አል-ሐኪም የምንለው፣ ሐበሻ ነበር የሚሉም ሊቃውንት አሉ (ይቺን በደስታ ነው የምጽፋት 😄)። ሐኪም የተባለው ግን በብልህነቱ እንጂ መርፌ ይወጋ ስለነበር አይደለም። ወደ ሕክምና የዞረበት ምክንያት ድሮ የተማረ ሰው ፍልስፍናውንም ኮከቡንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ነው፣ እንደ ፈላስፋውና መድኃኒት አዋቂው ኢብን ሲና ማለቴ ነው። ከዛ ቃሉ ሄደ በቃ፣ ቱርክ ሄኪም ካለህ ዶክተር ነው፣ ሃኪም ካለህ ግን ከዚያው ሥር የወጣ ሌላ ቃል ነው፣ ዳኛ ማለት ነው፣ ስዋሂሊውም ሃኪሙ ሲል ዳኛ ማለቱ ነው፣ ህንድና ፓኪስታን ሐኪም የሚሉት ዩናኒ በሚባለው ማለትም ከግሪክ በመጣው መድኃኒት የሚያክመውን ነው። ትግርኛ ሓኪም፣ ኦሮምኛ ሐኪማ። ይሄን ሁሉ አገር የዞረ ቃል ከእኛ ታፔላ ላይ ብቻ ልትፍቁት ነው?

ነርሷ፦ ባዕድ ይውጣ ካላችሁ ሁሉም ይውጣ ነዋ። ዶክተር በላቲን አስተማሪ ማለት ነው፣ ክሊኒክ ከግሪክ አልጋ ነው የመጣው፣ ሆስፒታል ከእንግዳ። ከነዚህ ሁሉ ሐኪም ነው ቤተኛ የሆነው፣ አከመ፣ ታከመ፣ አሳከመ፣ ሕክምና፣ አካሚ እያልን እናረባዋለን፣ «ዶከተረኝ» ያለ በሽተኛ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደግሞ ሐኪም ወርቅነህን አስቡ፣ በ1860 መቅደላ ላይ በልጅነታቸው እንግሊዞች ወስደዋቸው ህንድ ውስጥ የፈረንጅ ሕክምና ተምረው የመጡ ናቸው፣ አገሬው ሐኪም ብሎ ነው የጠራቸው፣ እስከዛሬም ሐኪም ወርቅነህ ናቸው።

ዲያቆኑ፦ ስለተለመደ ትክክል ነው ማለት ነው? ዐቃቤ ሥራይን የሚያህል ቃል እያለ!

ነርሷ፦ ወንድሜ ሥራይ ዛሬ ለሰው መተት ነው፣ መፍትሔ ሥራይ የሚባለው ጸሎት ለምን እንደሚደገም ከኔ አንተ ታውቃለህ። እናቴን «ዐቃቤ ሥራይ ጋ ቀጠሮ አለሽ» ብላት በቀጥታ ጠበል ነው የምትሄደው። የድሮው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችስ ሉቃስን ምን አሉት? ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ። የናንተኑ ቃል እነሱም አልደፈሩትም።

ዲያቆኑ፦ ሐኪምም አላሉትም እኮ!

የመርካቶ ልጅ፦ እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አረብኛ ሐኪም ብቻ አይደለም ያለው፣ ጠቢብም ይላል፣ ዶክተር ማለት ነው፣ ሕክምናው ጢብ። ያው የናንተ ጠቢብ፣ የናንተ ጥበብ ነው። እኛ አገር ግን ያቺው ቃል ጠይብ ሆና ለአንጥረኛና ለሸክላ ሠሪ ተሰጠች፣ እሱንም ቡዳ ነው ብለው አብሯቸው እንዳይበላ፣ እንዳይጋባ አደረጉት። ማረሻውን እየሠራለት ነው እኮ የሚሰድበው። እዛ በሽተኛ የሚያድነውን የሾሙበት ቃል እዚህ የእጅ ባለሙያ ማግለያ ሆነ፣ ግሩፑ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የሚጨቃጨቀው ሐኪም ስለሚባለው ቃል ፓስፖርት ነው።

የአራዳው፦ ይሄ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ ነገ ክፈተው። ዲያቆን አሁን አቋምህ ምንድነው፣ ይውጣ ነው?

ዲያቆኑ፦ ይውጣ ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ የመጣበትን በር አትካዱ ነው ያልኩት። ገና ስም ላልወጣለት ነገር ግን ከእንግሊዝኛው በፊት ግዕዙ ይታይ፣ ከዚህ አልወርድም።

ነርሷ፦ እሱ ላይ አለሁበት። ባዮፕሲን ስሩልን እስቲ፣ በሽተኛውን «ትንሽ ቆርጠን ወስደን እናያለን» ስንለው ፊቱ ይለዋወጣል።

ዲያቆኑ፦ ናሙና ሥጋ?

ነርሷ፦ ሥጋ የምትለዋን አውጣትና እንነጋገራለን