የአምስት ቀን ማስጠንቀቂያ በራችን ላይ ተለጠፈ፤ የሲዲሲ ትእዛዝ እኛን አይመለከትም ወይ?

የናቲ አባት (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፣ ኦክቶበር 2020

ሰላም ወገኖቼ። ዲሲ ውስጥ ሆቴል ባንኬት ነበር የምሠራው። ማርች ላይ ሰርጉም ስብሰባውም ሲሰረዝ ሁላችንንም አሰናበቱን። ባለቤቴ ኤርፖርት ካፌ ውስጥ ነበረች፤ እሷን በሳምንት ለሁለት ቀን ብቻ መልሰዋታል። እስከ ጁላይ መጨረሻ በአንኢምፕሎይመንቱ (ለሥራ አጥ በሚሰጠው ክፍያ) ላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር ይጨመር ስለነበር ኪራይ አጓድለን አናውቅም። እሱ ሲቆም ግን አልቻልንም። ኪራያችን 1,700 ነው፤ ኦገስት ግማሹን፣ ሴፕቴምበር 500 ዶላር ከፈልን፣ የኦክቶበር ገና አልተከፈለም። ከነቅጣቱ ወደ 3,900 ዶላር ደርሷል።

ትናንት ማታ ከሱቅ ስንመለስ በሩ ላይ ወረቀት አገኘን። በአምስት ቀን ውስጥ ሙሉውን ክፈሉ፣ አለዚያ ቤቱን ልቀቁ ይላል። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ጠዋት የልጆቹን ልብስ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀምራለች።

የአጎቴ ልጅ ዉድብሪጅ አለ፣ «ቤዝመንቱ ባዶ ነው፣ ኑና ግቡ» ብሎናል፣ እግዜር ይስጠው። ግን እናቱ አብረውት ናቸው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። እኛ ደግሞ አራት ሰው ነን፣ ባለቤቴም ኤርፖርት ስትገባ ስትወጣ ነው የምትውለው። በሽታውን ይዘንባቸው ብንገባስ?

የሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ትእዛዝ ወጥቷል፣ ተከራይ አይባረርም ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ እንዴት ወረቀት ይለጥፉብናል? ወይስ ስማችን ፍርድ ቤት ሳይገባ አሁኑኑ ብንወጣ ይሻላል? ደግሞ የእኔ ግሪን ካርድ ገና በሂደት ላይ ነው፣ እርዳታ ብጠይቅ ይጎዳኝ ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ።

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት (አርሊንግተን)

የናቲ አባት፣ አይዞህ ወንድሜ። መጀመሪያ ለባለቤትህ ሻንጣውን መልሺው በላት። በራችሁ ላይ ያለው ወረቀት ከቤት የሚያስወጣ ትእዛዝ አይደለም። አከራዩ ሊከስህ ሲፈልግ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ አከራይ ራሱ መጥቶ አያስወጣህም፣ ቁልፍ አይቀይርብህም፣ ውሃና መብራት አይቆርጥብህም። ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት ሄዶ መክሰስ አለበት። ከዚያ መጥሪያ ይደርስሃል፣ ቀጠሮ አለ፣ ዳኛ አለ። ቢፈረድብህ እንኳ የሚያስወጣህ ሸሪፉ ነው፤ እሱም ቢያንስ የ72 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ አይመጣም።

ይህን አስረግጬ የምነግርህ በዓይኔ ስላየሁ ነው። እኛ ሕንጻ ውስጥ ጽዳት እየሠራች ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት ነበረች። ወረቀቱን እንዳየች ሶፋና አልጋዋን ዳምፕስተር አጠገብ ጥላ ሜሪላንድ እህቷ ጋ ገባች። ማንም አልከሰሳትም፣ ዳኛ ፊት አልቀረበችም። ሀገር ቤት አከራይ ውጪ ካለ መውጣት ነው፣ መከራከር እንደ ነውር ይቆጠራል። እዚህ ግን ስለወጣህ ዕዳው አይሰረዝም፤ ውል አፍርሰሃል ተብሎ የቀሩት ወራት ኪራይ ሊጨመርብህም ይችላል።

ወደ ሲዲሲው ልምጣ። ትእዛዙ እውነት ነው፤ ሴፕቴምበር 4 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 31 የሚቆይ ነው። ግን በራሱ አይሠራም። አንተ ማረጋገጫውን ፈርመህ ለአከራዩ እስካልሰጠኸው ድረስ እንደሌለ ቁጠረው። ብዙ ሰው ዜናውን ሰምቶ ተጠብቄያለሁ ብሎ ተቀምጧል፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። ቅጹ ሲዲሲ ድረ ገጽ ላይ አለ። በመሐላ የምታረጋግጠው እንዲህ ነው፦ የመንግሥት የኪራይ እርዳታ ለማግኘት የቻልከውን ሁሉ ሞክረሃል፤ በ2020 የምታገኘው ገቢ ለብቻህ ከ99,000 ዶላር፣ ከባለቤትህ ጋር ታክስ የምታሠሩ ከሆነ ከ198,000 አይበልጥም (ወይም የመንግሥት የኮሮና ድጋፍ የሆነው የ1,200ው ስቲሙለስ ደርሶሃል)፤ ሥራ ወይም ሰዓት ስለቀነሰብህ ወይም ከባድ የሕክምና ወጪ ስላለብህ ሙሉ ኪራይ መክፈል አልቻልክም፤ የቻልከውን ያህል በጊዜው ለመክፈል እየሞከርክ ነው፤ ከወጣህ ደግሞ ወይ ጎዳና ላይ ትወድቃለህ ወይ ሰው ተጨናንቆ ወደሚኖርበት ቤት ትገባለህ።

የመጨረሻውን ልብ በል። ስለ አጎትህ ልጅ ቤዝመንት የጻፍከው ልክ ይኸው ነው። የጤና መሥሪያ ቤት በኪራይ ጉዳይ የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ዘመድ ላይ ይደረባል፣ መጠለያ ይገባል፣ በሽታውም አብሮት ይገባል። እኚያን እናት መጠበቅ ያለብህ ቤትህ ቆይተህ ነው።

«ታዲያ ለምን ለጠፉብን?» ላልከው፦ ሲዲሲ ኦክቶበር 9 ባወጣው ማብራሪያ አከራይ ክስ መጀመር እንደማይከለከል ገልጿል። የተከለከለው በኪራይ ዕዳ ምክንያት ሰውን ማስወጣቱ ነው። የጻፍከው እውነት ስለመሆኑም ዳኛ ፊት ሊሞግትህ ይችላል። ስለዚህ መጥሪያ ከመጣ ቅረብ። እኔ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ፤ ሰዓቴ በግማሽ ሲቀነስ ወደኋላ ቀርቼ ተከስሼ ነበር። የቀረብኩ ዕለት ጸሐፊው ስም ሲጠራ አቤት የሚል የጠፋው ለብዙው ነው፤ ከመካከላቸው የእኛ ሰው ስም ነበረበት። ላልቀረበ ሰው ጉዳዩ አይመረመርም፣ በሌለበት ይፈረድበታል። የእኔ ሲጠራ የፈረምኩትን ቅጂ ሰጠኋት፣ ዳኛዋ አነበበችውና ቀጠሮውን ወደ ጃንዋሪ አሻገረችው። እንግሊዝኛው ከከበደህ አስተርጓሚ እንደምትፈልግ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቀደም ብለህ ንገር።

ስትሰጣቸው ደግሞ በእጅ ሰጥቻለሁ ብለህ አትለፈው። ፎቶ አንሳው፣ በኢሜይል ላከው፣ ዋናውን በሰርቲፋይድ ሜይል ላክና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ አስቀምጥ። የእኔዎቹ አልደረሰንም ብለው ነበር፣ ደረሰኙ ነው ያዳነኝ።

ባለ አንድ ቤት (ስፕሪንግፊልድ)

እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ፣ አከራይም ነኝ። ፎቁ ላይ እኔና ባለቤቴ፣ ቤዝመንቱ ውስጥ አንድ ኡበር የሚነዳ ልጅ አለ። ከማርች ወዲህ ሙሉ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም። ሞርጌጁ (የቤቱ ብድር) ግን በየወሩ ይጠየቃል። አከራይ ሁሉ ኩባንያ አይደለም፣ ይህን ስትጽፉ እኛንም አስቡን።

ለልጁ ወረቀት አልለጠፍኩም፣ አልለጥፍምም። መጥቶ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ነው ያለኝ» ስለሚለኝ ነው። አንዳንድ ወር 300 ዶላር ይሰጠኛል፣ አንዳንድ ወር ምንም። ቢደበቀኝ ኖሮ ልቤ ይሻክር ነበር። አንተም ማኔጅመንቱን አትሽሽ፣ ትንሽም ቢሆን በየወሩ ክፈል፣ ማኒ ኦርደሩ ላይ የየትኛው ወር እንደሆነ ጻፍበት። ማረጋገጫውን የምትፈርመው በሐሰት ብትናገር በወንጀል ሊያስጠይቅህ በሚችል መሐላ ስለሆነ፣ የተጻፈው ሁሉ ያንተ እውነት መሆኑን አንብበህ ፈርም። የጻፍከው ሁኔታ ግን የሚያሟላ ይመስለኛል።

እንደኔ ላላችሁ አከራዮች፦ ብድራችሁ በፌደራል መንግሥት የተደገፈ ከሆነ፣ ማርች ላይ በወጣው የኮሮና እርዳታ ሕግ፣ በኬርስ አክት መሠረት ክፍያውን 180 ቀን እንዲያቆዩላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ሌላ 180 ቀንም ይጨመራል። ባንኩ ራሱ ደውሎ አይነግራችሁም። እኔ የሰማሁት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ስናወራ ነው።

ሰብለ (አዲስ አበባ፣ ገርጂ)

ከሩቅ ሆኜ ልጻፍ። እዚህም በኮሮና ምክንያት መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ በደንብ ቁጥር 466/2012 አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ለአምስት ወር። ሲታወጅ አለቀስኩ፣ ምክንያቱም በዚያው ሳምንት አከራዬ «ሆስፒታል ነው የምትሠሪው፣ በሽታ ታመጪብናለሽ» ብላ ውጪ ብላኝ ነበር። ላውንደሪ ክፍል ነው የምሠራው።

በደንቡ ምክንያት አላስወጣችኝም። ግን ሰርቪስ ቤት ነው፣ በሩ አንድ፣ ቧንቧው አንድ። ውሃ በመጣ ቀን ቧንቧውን ትቆልፈዋለች፣ ልብስ አታስጪ ትላለች። ወረዳ ሄጄ ስናገር አንድ የደንብ አስከባሪ ልጅ አብሮኝ መጣና በጨዋነት አነጋገራት፣ ቧንቧው ተከፈተ። ጳጉሜን ላይ አዋጁ ሲያበቃ ግን ለመስከረም 1,000 ብር ጨመረችብኝ። ተከራይ ላይ የተጠራቀመውን ኪራይ ማን ይከፍለዋል የሚለውን የመለሰ አልነበረም። እናንተ ዘንድ የእርዳታ ገንዘብ ካለ ቀኑ ሳያልፍ ተሻሙ፣ እኛ ያጣነው እሱን ነው።

የናቲ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእርስዎን አንብቤ ልቤ ተነካ፤ ነገውኑ ወደ ቢሮው እሄዳለሁ። ሰብለ፣ አይዞሽ እህቴ።

ሻንጣው ተመልሷል። ቅጹን አውርጃለሁ። እኔ ብቻ ብፈርም ይበቃል ወይስ ባለቤቴም? ያ የግሪን ካርዱን ነገር ደግሞ ማንም አልመለሰልኝም። ዲሴምበር 31 ሲደርስስ ምን ይሆናል?

የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት (አርሊንግተን)

ሁለታችሁም። ውሉ ላይ ስሙ ያለ አዋቂ ሁሉ የየራሱን ይፈርማል።

ቅጹ ስለ ኢሚግሬሽን አንድም ጥያቄ የለውም። ዘንድሮ ፌብሩዋሪ የጀመረው የፐብሊክ ቻርጅ ደንብ (ግሪን ካርድ ጠያቂ በመንግሥት ድጎማ ይኖራል ወይ ብሎ የሚመዝነው) የሚቆጥራቸው እርዳታዎች በስም ተዘርዝረዋል፦ ፉድ ስታምፕ፣ ሴክሽን 8፣ ፐብሊክ ሃውሲንግ፣ ሜዲኬይድ እና የመሳሰሉት። ክልሉ ለኮሮና የሚሰጠው የኪራይ እርዳታ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንተ ግን ማመልከቻህ በሂደት ላይ ስለሆነ ከመሙላትህ በፊት ጠበቃ አነጋግር። ሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው በነጻ ይረዳል፣ ስለ ቤቱም ስለ ክሱም።

እነሱን ሌላም ጠይቅልኝ፦ ሕንጻችሁ በፌደራል መንግሥት የተደገፈ ብድር አለበት ወይ? ካለበት በኬርስ አክት መሠረት ማስጠንቀቂያው 30 ቀን መሆን ነበረበት፤ የአምስት ቀኑ ወረቀት ራሱ አይጸናም ብለህ ትከራከራለህ። የቤት ብድር የሚደግፉት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ አድራሻ አስገብተህ የምታይበት ገጽ አላቸው፤ እዚያ ባታገኘው ግን ብድር የለበትም ማለት አይደለም።

ስለ ዲሴምበር 31 ደፍሬ ልንገርህ፣ እኔም የምፈራው እሱን ነው። ትእዛዙ ከአንድ ዶላር እንኳ ነጻ አያወጣህም፤ ኪራዩም ቅጣቱም እየተደመረ ይቆያል። በአንተ ስሌት ዓመቱ ሲያልቅ ከ7,000 ዶላር በላይ ዕዳ ይዘህ ጃንዋሪ ትገባለህ። ያራዝሙት እንደሆነ ማንም አያውቅም። መንግሥት ሰው እንዳይወጣ ሲከለክል ኪራዩንም አብሮ መሸፈን ነበረበት፤ ለተከራይም ለጋሼም የሚሻለው እሱ ነበር። እስከዚያው ያለው የቨርጂኒያ የኪራይና ሞርጌጅ እርዳታ ፕሮግራም ነው፤ ጁን መጨረሻ ላይ በ50 ሚሊዮን ዶላር ተጀምሯል፤ ክልሉ ውስጥ ላለው ችግር ይህ ብዙ አይደለም። የእርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ 211 ደውለህ በአካባቢህ ማመልከቻ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ጠይቅ። ማመልከትህ ደግሞ ለማረጋገጫው የመጀመሪያ ነጥብ ማስረጃ ይሆንሃል።

ውሉን፣ የተለጠፈውን ወረቀት፣ የአንኢምፕሎይመንት ደብዳቤህንና የባለቤትህን የማርችና የአሁን የደመወዝ ወረቀቶች አዘጋጅ። ሰዓቷ መቀነሱን የሚገልጽ ደብዳቤም ከአሠሪዋ ትጠይቅ፤ የእኔ እሱን ለመጻፍ ብዙ አመላልሶኛል፣ ስለዚህ ነገ ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ እሱን ታንሳ።