የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ሕግ ኢንዱስትሪውን አነቀው ወይስ አረመው?

ጠያቂው፦ እንደ ተመድ ሪፖርት፣ ዓለም በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነው። በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡ እንኳ አይሞላም። ሕጉ ይጥበቅ የሚሉ አሉ፤ ኢንዱስትሪውን ያንቀዋል የሚሉም አሉ። እናንተስ?

አስመጪው፦ ያንቀዋል እንጂ! በ2001 መጨረሻ፣ ለገና ገበያ የመጣ 1.3 ሚሊዮን የሶኒ ፕሌይስቴሽን የጌም ማሽን ሆላንድ ላይ ታገደ። ምክንያቱ? ገመዱ ውስጥ የተገኘ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት።

መሐንዲሷ፦ ምሳሌህ ለእኔ ይመሰክራል። ሶኒ ከዚያ ወዲህ አቅራቢዎቹን መፈተሽ ጀመረ። ከባዱ ነገር የመጣው ግን በጁላይ 2006 ነው። የአውሮፓ ኅብረት እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ከኤሌክትሮኒክስ ብየዳ አስወጣ። የድሮው የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ በ183 ዲግሪ ይቀልጥ ነበር፤ በብዛት የተካው 217 ገደማ ይፈልጋል። ቦርዱም፣ ፕላስቲኩም፣ ምድጃውም ለዚህ ሙቀት እንዲሆን መታሰብ ነበረበት። በዚያ ላይ ንጹሕ ቆርቆሮ ጢም ያበቅላል። የምሬን ነው! እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ይወጣውና ሁለት መስመር አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። ያም ሆኖ ስልክህን ይዘህ እየተከራከርክ ነው።

አስመጪው፦ ትልቁ ቻለው። ለላቦራቶሪ የሚከፍለው የሌለው ትንሹ አምራችስ?

መሐንዲሷ፦ እሱ ላይ እውነትህን ነው።

ጠጋኙ፦ እናንተ ስለ መርዙ ታወራላችሁ፤ እኔን ያቃጠለኝ ስልኩ የሚታሸግበት ሙጫ ነው። ትናንት አንድ ስልክ መጣልኝ። ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ገፍቶታል። ጀርባውን አሙቄ፣ በቀጭን ፕላስቲክ እየፈለቀቅኩ፣ ተቀድዶ እሳት እንዳይነሳ እየሰጋሁ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። የአውሮፓው የባትሪ ሕግ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚቀይረው ባትሪ ይሁን ይላል። አንዳንድ ስልክ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ግን አለው።

አስመጪው፦ ያለ ሙጫ ውሃ ይገባዋል፤ ውሃ የሚያስገባ ስልክ ማን ይገዛል?

ጠጋኙ፦ የዋናተኛ የእጅ ሰዓት ባትሪው ይቀየር የለ እንዴ? ጀርባው ይፈታል፣ ጎማው ይለወጣል፣ አለቀ።

ታዛቢዋ፦ አፕልም የአውሮፓ ኅብረት ስልክ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሶኬት፣ በዩኤስቢ ሲ፣ ቻርጅ ይደረግ ስላለበት የቻርጀር ሕግ «ፈጠራን ያፍናል» ሲል ነበር። ሕጉ በ2024 መጨረሻ ሊጀምር፣ እሱ በ2023 አይፎን 15ን በዩኤስቢ ሲ አወጣ።

አስመጪው፦ እሺ፣ ቻርጀሩን ተውኩላችሁ።

ጠጋኙ፦ እኔ ግን አልተውኩም። መሳቢያዬ ውስጥ የተከመረውን የድሮ ገመድ ማን ይረከበኝ?