የሱፍ ክሬን ብል ጨረሰብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? በተለይ ሹራብ የምትሠሩ እህቶች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ለሥራ ያጠራቀምኩት የበግ ሱፍ ክር ብል ገብቶበታል። ጥቅሉን ከላይ ስታዩት ደህና ይመስላል፤ ፈታ ፈታ ስታደርጉት ግን በየስንዝሩ ይበጠሳል፣ መሃሉ ላይም የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ትል ከነድሯ ተለጥፋ ትገኛለች። ክሩን የምትበላው እሷ ናት። የምትበረው እንቁላል ትጥላለች እንጂ ክር አትበላም። አጠገቡ ያለው የጥጥ ፈትል ግን ምንም አልሆነም።

ናፍታሊን አድርጊበት ያሉኝ አሉ። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ሕፃንም አለኝ። ሽታው ለጤና ጥሩ አይደለም፣ ልጁ ከረሜላ መስሎት ቢውጠውስ? እሱ ይቅርብኝ። በፌስታል አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሳምንት ያህል ማቆየት ትሉንም እንቁላሉንም ይገድላል፤ ችግሩ እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ መሃል ላይ ከቀለጠ ልፋቱ ከንቱ ነው። ፀሐይ ላይ እንዳላሰጣው ደግሞ ክረምት ነው፣ የጣና እርጥበትም አለ።

እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ። በወይራ ጭስ ማጠን ትሉን ይገድለዋል ወይስ ሽታ ብቻ ነው የሚተወው? ክዳኑ ግጥም የሚል ባልዲ ውስጥ ባስቀምጠው እርጥበት ይዞ አይሻግትብኝም? የተነከረውን ክር ቀለሙ ሳይለቅ በሙቅ ውሃ ያጠባችሁስ አላችሁ? ትእዛዝ ተቀብያለሁ፣ የተረፈውን ክር ማዳን አለብኝ።