ከታወር ላይ እየተፈታ የሚወሰደውን ብረት እንዴት ማስቆም ይቻላል?

መምህር ከአርሲ (ጠያቂ)

በቀበሌያችን የሚያልፍ አንድ የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር አለ። ከክረምቱ ወዲህ በየማሳው ከቆሙት ታወሮች በታችኛው ክፍላቸው የሚገኙት ሰያፍ ብረቶች በሌሊት እየተፈቱ ይወሰዳሉ፤ በአንዳንዶቹም ላይ ወደ መሬት የሚወርደው የመዳብ ሽቦ ተቆርጧል። የቀበሌው አስተዳደር ወጣቶችን በተራ ለጥበቃ ለማሰማራት ቢያስብም፣ ታወሮቹ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ተራርቀው ገደልና ወንዝ ተሻግረው የቆሙ በመሆናቸው ሁሉንም በሰው ዓይን መጠበቅ የሚቻል አይመስለኝም። በስብሰባው ላይ አንድ አባት «መስመሩ በራሳችን ላይ ያልፋል እንጂ መብራቱ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ታዲያ ለማን ብለን ነው የምንጠብቀው?» ሲሉ ጠይቀው የሚመልስላቸው ጠፋ። የጉዳቱን መጠንና ለመከላከል የሚበጀውን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመስመር መሐንዲስ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ብዙ ሰው አራቱ የታወር እግሮች እስካልተነኩ ድረስ ሰያፎቹ ትርፍ ብረት ይመስሉታል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የሰያፎቹ ሥራ እግሩ እንዳይጎብጥ በየመካከሉ ደግፎ መያዝ ነው። ቀጭን ምሰሶ ድጋፍ የሌለው ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሳይጎብጥ ሊሸከም የሚችለው ጭነት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቂት ብረት የተፈታበት ታወር ለወራት ምንም ሳይሆን ከቆየ በኋላ ኃይለኛ ነፋስ በመጣበት ቀን በድንገት ይወድቃል፤ ሲወድቅም የተወጠሩት ሽቦዎች ጎረቤቶቹን ታወሮች ጎትተው አብረው ሊጥሏቸው ይችላሉ።

ስለ መዳቡ ሽቦ የጠቀሱት ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ሽቦው መብረቅንና በብልሽት ጊዜ የሚፈጠረውን ኃይል ወደ መሬት የሚያሰርግ በመሆኑ፣ ከተቆረጠ በኋላ ታወሩ አጠገብ የሚቆም ሰውም ሆነ የሚግጥ ከብት ለአደጋ ይጋለጣል። እረኞች በዝናብና በመብረቅ ጊዜ በታወር ሥር እንዳይጠለሉ ከወዲሁ ይንገሩልን።

ለመከላከል ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የታችኛውን ክፍል ቡሎንና ዳዶ በተራ ቁልፍ በማይፈታ ዓይነት መተካት ወይም ዳዶውን ከቡሎኑ ጋር በብየዳ ማያያዝ ነው። መዳቡንም ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ብቻ በመዳብ በተለበጠ ሽቦ መተካት ይቻላል፤ ለሌባ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ ሁሉ ግን የባለቤቱ ተቋም ሥራ ነው። እናንተ በምንም ዓይነት በእንጨትም ሆነ በፌሮ ለመጠገን እንዳትሞክሩ አደራ።

የብረት ነጋዴ

እኔ እንደ ነጋዴ የምለው፣ ጥበቃው ከታወሩ ይልቅ ገዢው ደጃፍ ላይ ቢጀመር ይሻላል። የታወር አንጎላሬ (ታወሩ የሚሠራበት ባለ ማዕዘን ብረት) ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ዚንክ የተነከረ ነው፣ በልክ የተበሱ ቀዳዳዎች አሉት፣ በብዙዎቹም ላይ የክፍሉ መለያ ቁጥር ታትሟል። ከቆራሌ ጀምሮ እስከ ምናለሽ ተራ ድረስ ብረት የሚነካ ሰው አይቶ ይለየዋል፤ «ሳላውቅ ገዛሁ» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ አትመኑት። ከሁሉ አስቀድሞ በአካባቢያችሁ ያሉትን የብየዳ ቤቶች ጠይቁ፣ ምክንያቱም አንጎላሬ ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት እዚያው በር፣ አልጋና የጋሪ አካል ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ንግዱን በሙሉ ይዘጋ በሚለው ግን አልስማማም። በጥር 2014 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ከኪያምቤሬ ወደ ኤምባካሲ በሚሄደው መስመር ላይ ታወሮች ወድቀው አገሪቱ በጨለማ በተዋጠች ጊዜ፣ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የውዳቂ ብረት ንግድን አግደው ነበር፤ እገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሥቶ በፈቃድና በቁጥጥር ተተክቷል። በሐቅ የሚሠራውንና የሌባ ደንበኛውን በአንድ ላይ ማገድ የሚጎዳው ሐቀኛውን ነው። ሻጩ መታወቂያ አሳይቶ በመዝገብ ካልፈረመ በቀር የማይገዛበት አሠራር ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚከብድ አይደለም።

የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ

ከላይ በተባለው ላይ የሕጉን ነገር ልጨምር። የቴሌኮሙኒኬሽንና የኤሌክትሪክ ኃይል መረቦችን ደኅንነት ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 464/1997 በእነዚህ መረቦች ላይ ሆን ብሎ ጉዳት የሚያደርስን ሰው በጽኑ እስራት የሚቀጣ ሲሆን፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በወንጀል የተገኘ ዕቃን መግዛትና መሸሸግን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎታል። እንግዲህ የቅጣት ማነስ ችግር የለብንም። ችግሩ ያለው በማስረጃው ላይ ነው፤ ተከሳሹ «ይህ ብረት ከታወር ለመፈታቱ ምን ማረጋገጫ አላችሁ?» ባለ ጊዜ መዝገቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው የጠቀሱት የታተመ ቁጥር ከታወሩ ንድፍ ጋር ከተመሳከረ ጥያቄው ይመለሳል። ስለዚህ የተያዘ ብረት ለባለቤቱ ከመመለሱ በፊት ቁጥሩ እንዲመዘገብና ፎቶ እንዲነሣ ለፖሊስ አሳስቡ።

መምህር ከአርሲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብየዳ ቤቶቹን ጉዳይ ለአስተዳደሩ አቀርባለሁ። የአባታችን ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም።

የመስመር መሐንዲስ

እውነት ነው፣ አልፌዋለሁ። ከ230 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ለአንድ ቀበሌ በቀጥታ ኃይል መቀነስ አይቻልም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል፣ ወጪውም ለጥቂት መንደሮች ተብሎ የሚወጣ አይደለም። በጋና ከማስተላለፊያ ታወሮች አናት ላይ የሚዘረጋውን የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በመጠቀም በመስመሩ ሥር ላሉ ከተሞችና መንደሮች ኃይል ማድረስ ተችሏል፤ ሆኖም ይህ መስመሩ ገና ሲነደፍ ቢታሰብበት ይቀላል። ስለዚህ ለአባታችን «ብረቱን ከጠበቅን መብራት ይገባልናል» ብለው ተስፋ አይስጧቸው። የመብራቱን ጥያቄ በአቅራቢያችሁ ካለው የ15 ወይም የ33 ኪሎ ቮልት መስመር እንዲቀጠልላችሁ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለብቻው ያቅርቡ። የማስተላለፊያ መስመሩ ባለቤት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ስለሆነ የጥበቃውን ጉዳይ ከእርሱ ጋር ይነጋገሩ፤ ወጣቶቹ የሚሰማሩ ከሆነም በነፃ ሳይሆን ክፍያው፣ የሚጠብቋቸው ታወሮች ቁጥርና ጉዳት ሲያዩ የሚያሳውቁት ሰው ስልክ በተጻፈበት ውል ይሁን። የታወሩ ቁጥር በራሱ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ይገኛል፤ የተጎዱትን በቀን ከራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ከነቁጥራቸው በዚህ ሳምንት ብታሳውቁ፣ ጥገናው የበልግ ነፋስ ሳይመጣ ሊደርስ ይችላል።